ስም ያልወጣለት ቡድን፦ ከአውሮራ ሶልት ሌክ ሲቲ ደርሶ መልስ

እሁድ፣ መስከረም 26፣ 2017 (በእኛ አቆጣጠር)

ቅዳሴ እንዳለቀ ከቤተክርስቲያን ግቢ ቀጥታ መኪና ውስጥ ነው የገባነው፣ እኔና የ14 ዓመት ልጄ። የጽጌ ጾም ዛሬ ስለገባ ባለቤቴ የቋጠረችልን ስንቅ በሙሉ የጾም ነው፤ ሱፍ ፍትፍት፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አንድ ጠርሙስ በሶ። ከአውሮራ፣ ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከተማችን፣ ሶልት ሌክ ከ500 ማይል በላይ ነው፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ያስነዳል፣ ማክሰኞ ማታ ደግሞ ዩታ ውስጥ የመጀመሪያው የኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ጨዋታ አለ እና እዚያ መገኘት አለብኝ ብዬ ፈቃድ ከጠየቅኩ ቆየሁ።

ለምን እንዲህ እንደጓጓሁ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኔ ሆኪ የለመድኩት እዚህ ዴንቨር ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራ ነው፣ በጨዋታ ማታ ጋራዡ ይሞላል፣ ሰው እየዘፈነ ይገባል እየዘፈነ ይወጣል፣ ቀስ በቀስ እኔም ስማቸውን ለመድኩ፣ ሳኪክ፣ ሮይ፣ ፎርስበርግ። በፈረንጆቹ 2001 ዋንጫውን ሲበሉ ከሥራ ወጥቼ ሰልፉን ቆሜ አይቻለሁ። ያ ቡድን፣ ኮሎራዶ አቫላንሽ፣ ግን የዴንቨር ተወላጅ እንዳልሆነ የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ነው። 1995 ላይ ከኩቤክ ከተማ ነቅለው ያመጡት ቡድን ነው፣ በመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ 1996 ላይ፣ ዋንጫ በላ። ኩቤኮች ለዓመታት ሲደግፉት የኖሩት ቡድን በሄደ በዓመቱ ሌላ ከተማ ዋንጫ ሲያነሳ በቴሌቪዥን አዩት። ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ ስለ እነሱ ሳስብ ሆዴን ይበላኛል። ዴንቨር ራሷም ከዚያ በፊት 1982 ላይ የነበራትን ቡድን ኒው ጀርሲ ወስዶባታል።

አሁን ደግሞ ተራው የፊኒክስ ሆነ፣ ቡድኗን ኮዮቲስን ዩታ ወሰደባት፣ እና ፊኒክስ ውስጥ ታላቅ ወንድሜ አለ። ጋሼ ነው የምለው፣ ልጄም ከእኔ ሰምቶ ጋሼ ነው የሚለው። ታክሲ ይነዳ ነበር፣ 2012 ኮዮቲስ እስከ ዌስተርን ኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ከዋንጫው ፍጻሜ አንድ ደረጃ በፊት፣ በደረሱበት ጸደይ አንድ ደንበኛ ትርፍ ቲኬት ሰጠው፣ ገብቶ አየ፣ በቃ ከዚያ ወዲህ የእነሱ ሰው ሆኖ ቀረ። አምና ደውሎ «ወሰዷቸው» ሲለኝ ድምፁ የቤተሰብ መርዶ ይመስል ነበር። ማክሰኞ አብሮን ሊያይ ነገ በአውሮፕላን ይመጣል። ለማሳመን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

መንገዱ። ፎርት ኮሊንስን አልፈን በ287 ላራሚ ወጣንና ኢንተርስቴት 80ን ያዝን። ዋዮሚንግን ነድቶ ያየ ሰው ነፋሱን ያውቀዋል፣ መሪውን ከእጅህ ሊነጥቅህ ይታገላል፣ ባዶ ተጎታች የያዙ ከባድ መኪናዎች ሲወዛወዙ አጠገባቸው ማለፍ ያስፈራል። ራውሊንስ ነዳጅ ስንቀዳ የእኛን መዝሙር በመስኮት የሰማ አንድ የትራክ ሹፌር «የማን ልጆች ናችሁ» እያለ መጣ። ወዴት ናችሁ አለ፣ ሆኪ ልናይ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ልጄን አየና መኪናው ውስጥ ገብቶ ብርቱካን አመጣለት። ይሄን መንገድ በክረምት ስንቴ እንደሚዘጉት፣ አንድ ጊዜ እዚሁ ራውሊንስ ሁለት ሌሊት እንዳደረ ነገረን፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ከራውሊንስ በስተምዕራብ ያለው ሜዳ ላይ የዘነበ ዝናብ ወደ አትላንቲክም ወደ ፓስፊክም አይሄድም፣ እዚያው ይቀራል፣ ልጄ ከስልኩ አንብቦልኝ ነው ያወቅኩት። ስንት ጊዜ በአጠገቡ ሳልፍ ባዶ ሜዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ በፓርሊስ ካንየን ቁልቁል ወረድን፣ ከተማው ከታች በመብራት ተዘርግቶ። የአክስቴ ልጅ ሳትተኛ ጠበቀችን።

ሰኞ፣ መስከረም 27

የአክስቴ ልጅ ኤርፖርት ነው የምትሠራው። ባለፈው ሚያዝያ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ የመጡ ቀን እሷ ፈረቃ ላይ ነበረች። ሽያጩን ሊጉ ያጸደቀው ኤፕሪል 18፣ 2024 ነው፣ በስድስተኛው ቀን ልጆቹ ዩታ አረፉ። ትንንሽ ልጆች የሆኪ ዱላ ይዘው ተሰልፈው ሲቀበሏቸው ስትነግረኝ እጇን ዘርግታ እያሳየችኝ ነው፣ ሠርግ የምታወራ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወደሚጫወቱበት አዳራሽ፣ ወደ ዴልታ ሴንተር፣ ወሰዷቸው፣ እዚያ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው። የሲዝን ቲኬት ለመያዝ ቀብድ የከፈለው ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ነበር። ለአንድም ጨዋታ ለዚህ ከተማ ተሰልፈው ለማያውቁ ልጆች!

እኩለ ቀን ላይ ጋሼን ልንቀበል ሄድን። ከጃኬቱ ስር ምን እንደለበሰ ገና ከሩቅ ታየኝ፣ የኮዮቲስ ማልያ፣ ያ የድሮው ቀበሮው ያለበት። ልጄ ሮጦ አቀፈው። ምንም አላልኩትም።

ከሰዓት ወደ ከርንስ ነዳን፣ ቡድኑ ዘንድሮ ልምምድ የሚሠራው እዚያ ኦሎምፒክ ኦቫል ነው፣ የራሱ ቦታ ሳንዲ ላይ እስኪያልቅለት። ኦቫሉ ለ2002 የክረምት ኦሎምፒክ የፍጥነት ስኬቲንግ የተሠራ ነው። ተጫዋች አላየንም፣ ልጄ ግን በሩ ላይ ፎቶ ተነሳ፣ ለእሱ በቂው ነበር። 2034ም ኦሎምፒኩ ተመልሶ ወደዚህ ይመጣል፣ በሐምሌ ነው የተሰጣቸው። ይሄ ከተማ ከበረዶ ጋር የቆየ ጉዳይ አለው፣ ሆኪ ለማያውቅ ሕዝብ ቡድን ሰጡ ሲባል ጋሼ እንደሚያስበው አይደለም።

መንገድ ላይ ጋሼ ሆዱ ውስጥ ያለውን አወጣ። እንዲህ ነው ነገሩ። ቡድኑ ፊኒክስ የገባው 1996 ነው፣ ከዊኒፔግ ተነቅሎ። 2009 ላይ ኪሳራ አወጀ፣ ከዚያ በኋላ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ «ዘንድሮስ ይሄዳሉ» እየተባለ ነው የኖረው። ግሌንዴል ከተማ ኮንትራቱን አላድስም አለ፣ 2022 ላይ ወጡ፣ ወጥተው የት ገቡ፣ ቴምፒ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ 5 ሺህ ሰው እንኳ የማይሞላ፣ የኮሌጅ ልጆች የሚጫወቱበት። የዓለም ትልቁ ሊግ እዚያ ሁለት ዓመት ተጫወተ። ግንቦት 2023 የቴምፒ ሕዝብ አዲሱን አዳራሽ በድምፅ ውድቅ አደረገው፣ በቃ እዚያ ጋር አለቀ። ጋሼ ያን ቀን ሲያስታውስ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ «ተጫዋቹም እኛም ምን አጠፋን»። ለነገሩ እውነቱን ነው፣ ሜዳ ላይ ያለው ልጅም ወንበር ላይ ያለው ሰውም የሚወስነው አንድም ነገር አልነበረም።

ኤፕሪል 17 የመጨረሻውን ጨዋታ ኤድመንተንን 5 ለ 2 አሸነፉ። በማግስቱ ሽያጩ ጸደቀ፣ 1.2 ቢሊዮን ዶላር። ገዢው ራያን ስሚዝ ነው፣ የቅርጫት ኳሱ ቡድን የዩታ ጃዝ ባለቤት።

ማታ እራት ላይ የአክስቴ ልጅ ጥያቄ አመጣች፣ ባለፈው ሳምንት የከተማው ምክር ቤት ለአዳራሹና ለዳውንታውኑ እድሳት ብሎ የሽያጭ ታክስ ግማሽ ፐርሰንት ሊጨምር ወስኗል፣ እኔ ጨዋታውን አላውቀው፣ ዳቦ ስገዛ ለምን እከፍላለሁ አለች። ጋሼ «አየሽ፣ የእኛዎቹ እንቢ ያሉት እሱን ነው» አላት። ሁለቱም ልክ ናቸው መሰለኝ፣ ገንዘቡን እንቢ ያለ ቡድኑን ያጣል፣ ቡድኑን የፈለገ ገንዘቡን ይከፍላል፣ እሷን የመሰለች ደግሞ ሳትጠየቅ ትከፍላለች።

ጨዋታውስ ምንድነው ብላ ስትጠይቅ ጋሼ በአንድ ቃል ጨረሰላት፣ «ገና ነው»። ሩሩ ጎማ ነው፣ ሜዳው በረዶ ነው፣ እንጂ ገና ነው። እሷም ወዲያው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ ሳቀች፣ ሁላችንም ልጅ ሆነን ዱላ ስንቆርጥ የነበረው ትዝ አለን፣ ልጄ ስለ ሩር ሲጠይቅ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ አወራን።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ዛሬ ነው። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ፣ ለበረዶ ጨዋታ የማይመስል። ጨዋታው ምሽት ሁለት ሰዓት ነው፣ እኛ ግን አስር ሰዓት ሳይሞላ ነው ዳውንታውን የደረስነው። ዴልታ ሴንተር ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ኮንሰርት ነበር፣ ሻቡዚ ይዘፍናል፣ ሕጻን አዋቂው በአዲሱ ማልያ፣ ጥቁር፣ ነጭና ሰማያዊ። ማልያው ላይ በሰያፍ ዩታ ብቻ ነው የተጻፈው። ቡድኑ ስም አልወጣለትም እኮ፣ ለዘንድሮ ዩታ ሆኪ ክለብ ነው በቃ። እኛ አገር ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነስቶ ስም ያገኛል፣ ይሄ ቡድን ሙሉ ዓመት ሳይጠመቅ ነው የተጫወተው። ማሞዝ የሚለው የወጣለት በኋላ፣ ግንቦት 2025 ላይ ነው፣ ማስታወሻውን ሳስተካክል ነው ይሄን የጨመርኩት።

ጋሼ ጃኬቱን አውልቆ በኮዮቲስ ማልያው ገባ። ሰው ይተናኮለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ማንም ክፉ አልተናገረውም። እንደውም ሁለት ሰዎች አስቁመው ጨበጡት፣ አንዷ ሴትዮ «አዝናለሁ፣ በደንብ እንይዛቸዋለን» አለችው። ጋሼ አመሰግናለሁ ብሎ አለፈ፣ ደረጃውን ስንወጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትንሽ ቆመ።

ወንበራችን ላይኛው ፎቅ ጫፍ ላይ ነው። ይሄ አዳራሽ 1991 ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ነው፣ የሆኪ ሜዳ ደግሞ 200 ጫማ ይረዝማል፣ የቅርጫት ኳሱ 94 ነው፣ ስለዚህ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ከስሩ ያለውን ጎል አያይም፣ የሩቁን ብቻ። ቲኬቱንም አንድ ጎል ብቻ የሚታይበት ብለው ነው የሚሸጡት፣ አውቀን ነው የገዛነው። ሙሉ ሜዳውን የሚያዩት ወንበሮች 11,131 ናቸው፣ በይፋ የተመዘገበው የተመልካች ቁጥርም እሱ ነው። ጃዝ ሲጫወት በረዶውን አያቀልጡትም፣ ከላዩ ሽፋን ያነጥፋሉ፣ በሽፋኑ ላይ እንጨቱን ይዘረጋሉ፣ ሆኪ ሲሆን መልሰው ያነሱታል። ይሄን የነገሩን አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ጎልደን ኢግልስ የሚባለው የድሮ የሶልት ሌክ ቡድን ደጋፊ የነበሩ፣ እሱም 1994 ላይ ከከተማው ሄዷል። ሰላሳ ዓመት ጠበቅኩ አሉን። ጋሼ በእንግሊዝኛ «እኔ ስድስት ወሬ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ማልያውን አዩ፣ ከዚያ ያላቸውን ፖፕኮርን ወደ እሱ አስጠጉለት።

ልጆቹ ሲወጡ አዳራሹ እንዴት እንደተናወጠ መጻፍ አልችልበትም። ጋሼ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቁጥራቸውን ይቆጥራል፣ ኬለር፣ ሽማልትዝ፣ ክራውስ፣ ኩሊ፣ ጎል ላይ ኢንግራም። አሰልጣኙ ቱሪኒም ያው ነው። ከአዲሶቹ አንዱ ሰርጋቾቭ ነበር፣ በበጋ ከታምፓ የመጣው። አብዛኛው ግን የእሱ ነው፣ ልብሱ ብቻ ተቀይሯል።

ከሦስቱ የጨዋታ ክፍሎች በመጀመሪያው ፔሪየድ ዩታ ወደ ሩቁ ጎል ነበር የሚያጠቃው፣ እግዜር ለእኛ ያደረገው ነው። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዲላን ጉንተር አገባ! የ21 ዓመት ልጅ ነው፣ ጋሼ ስሙን አይጠራም፣ «ልጁ» ነው የሚለው። አዳራሹ ተነሳ፣ ሽማግሌው አጠገባችን አለቀሱ፣ ልጄ ወንበር ላይ ወጥቷል፣ እና በድምፅ ማጉያው በቡድኑ ታሪክ የመጀመሪያው ጎል ተባለ።

ጋሼ ቆሞ እያጨበጨበ ነበር። እሱን ሲሰማ እጁን አወረደ። «25ኛው ነው» አለኝ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሊጉ ይሄን ሽያጭ ሲያጸድቅ የኮዮቲስን ታሪክ ወደ ዩታ አላሻገረም። መዝገቡ አሪዞና ቀረ፣ ልጆቹ ብቻ ሄዱ፣ ዩታ ከዜሮ እንደ አዲስ ቡድን ነው የሚቆጠረው። የአሪዞናው ባለቤት በአምስት ዓመት ውስጥ አዳራሽ ከሠራ ቡድኑን መልሶ ሊያቋቁም ነበር፣ እሱም በሰኔ ተወው። ስለዚህ ሼን ዶን፣ ከዊኒፔግ ጋር ተነቅሎ ፊኒክስ መጥቶ በአንድ ቡድን 21 ሲዝን የተጫወተው ሰውዬ፣ የ19 ቁጥር ማልያው፣ ሁሉም አሁን የሚጫወት ቡድን የለውም። ጉንተር ደግሞ አሪዞና እያለ በሁለት ሲዝን 6 እና 18 አግብቷል፣ 24። ለጋሼ የዛሬው 25ኛው ነው። ማንም ሊያርመው አይችልም፣ እሱ እያንዳንዱን አይቷላ።

ልጄ ይሄን ሰማ። ደብተር አለው፣ የጨዋታ ውጤት የሚይዝበት፣ ወዲያው አወጣና ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈለው። በአንዱ ዩታ፣ በሌላው ጋሼ ብሎ ጻፈ። 1፣ 25።

ጨዋታው 5 ለ 2 አለቀ፣ ቺካጎን አሸነፉ። ካፒቴኑ ኬለርም አገባ፣ ልጁም ሁለተኛ ጨመረ። በሁለተኛው ፔሪየድ አቅጣጫ ተቀይሮ ዩታ ከእግራችን ስር ወዳለው ጎል ሲያጠቃ ምንም አይታየንም ነበር፣ ከፊት ያሉት ሰዎች ሲነሱ ነው የምንነሳው። ሲወጣ ሌሊት ነው፣ ሰው መንገድ ላይ ይዘፍናል፣ ጋሼ ከልጄ ትከሻ ላይ እጁን አላወረደም። 2፣ 26።

ረቡዕ፣ መስከረም 29

የጋሼ በረራ በጠዋት ነው። መኪና ውስጥ ብዙ አላወራንም። ልጄ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ትናንት ደስ አለህ ወይስ ተናደድክ?» አለው። ትንሽ አሰበና «ልጆቹ ጥሩ ቤት አግኝተዋል። ያ ያስደስታል። እኔ ጋ ግን የማክሰኞ ማታ ባዶ ነው» አለው። ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ ቀጥ አድርጎ ሲመልስ ደስ ይለኛል።

ሱቅ ገብቶ ምንም አልገዛም። እኔ ለልጄ ኮፍያ ገዛሁለት፣ ጋሼን ላለማስከፋት ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ነበር፣ ራሱ አውጥቶ አደረገለት።

መመለሻው ላይ ነፋሱ ከኋላ ስለሆነ ቀለለ፣ ልጄ እስከ ሮክ ስፕሪንግስ ተኛ። እኔ የማስበው ኩቤኮችን ነበር። በ1995 መኸር ዴንቨር ውስጥ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሊያይ ከዚያ ድረስ የመጣ አንድ ሰው ኖሮ ይሆን? በድሮው ሰማያዊ ማልያ የሆነ ጥግ ተቀምጦ? እኔ ያን ጊዜ አልነበርኩም፣ ብኖር ኖሮ ግን ፖፕኮርኑን የማስጠጋ ይመስለኛል። ራውሊንስ ስንደርስ የእሁዱን ሹፌር በዓይኔ ፈለግኩት፣ አልነበረም።

ሐሙስ፣ መስከረም 30

ሥራ ገብቻለሁ። ማታ ስልኬ ጮኸች፣ ከጋሼ። ዩታ ኒውዮርክ ከአይላንደርስ ጋር እየተጫወተ ነበር፣ እኔ ማየት አልቻልኩም። መልእክቱ፦ «5 ለ 4። ጭማሪ ሰዓት ላይ። ልጁ። ደብተሩ ላይ ይጻፍ።»

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7፣ ሰሙነ ሕማማት

ሲዝኑ ዛሬ ሴንት ሉዊስ ላይ አለቀ። 38 አሸንፈው፣ 31 ተሸንፈው፣ 13 በጭማሪ ሰዓት አጥተው፣ 89 ነጥብ፣ ለዋንጫው የሚፋለሙበት ፕሌይኦፍ ሳይገቡ ቀሩ። ከስግደት መጥተን ልጄ ደብተሩን አወጣ፣ ለጋሼ ደወለለትና ስፒከር ላይ አድርጎ የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበለት። ዩታ 27። ጋሼ 51።